ሰፌድ የደፋን ቀን

ያን ቀን ሰፌዴን መሬት ላይ የደፋሁት ቆርጬ ነው ወይስ እጄ ዝሎ? ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ሳገላብጠው ኖሬ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ባለፈው ኅዳር ቅዳሜ ገበያ ሰሊጥ ልገዛ ወርጄ፣ አንድ መጋዘን ደጅ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ከሰሊጥ ጠጠር ሲለቅሙ ሳይ እንደገና ተነሣብኝ። አንዲት ልጅ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። እኔም የምጠርገው እንደዚያው ነበር፤ እጅ ሥራ ላይ ነዋ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ የሳንጃ ቆላ ሰሊጥ ጎንደር የሚገባው በዚሁ ወር ነበር። ማኪና ከመጋዘኑ ደጅ ያራግፈዋል፤ ሴቶች ያበጥሩታል፤ ከዚያ ሌላ ማኪና በደባርቅ፣ በዛሪማ አድርጎ አስመራ ያደርሰዋል። የሰሊጥ አቧራ ቅባት ቅባት ይላል። ከንፈራችንን እየላስን ስንውል ምሳ የበላን ይመስለናል፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን ሆድ አይታለልም።

ክፍያው በጆንያ ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን የምታጠራው ለራት ስለማይበቃ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። ተቆጣጣሪው አያ ጥጋቡ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ፣ «ስንት እጅ ይዘሻል?» ይላል። እጅ የሚለው ልጅ ማለቱ ነው። ልጅ የሌላት ትመለሳለች።

«ምነው አያ፣ የእኔ እጅ አይደለም?» አለችው አንድ ጠዋት እትዬ ዘሃራ፣ ከአዲስ ዓለም ሰፈር የምትመጣ መካን።

«ሸጋ እጅ ነው። ምን ያደርጋል፣ ሁለት ብቻ ነው።»

«አንተስ በሁለቱ ምን ትሠራለህ? አንዱ ዱላ ይዟል፣ ሌላው ወገብህን።»

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ተመለሰች። በማግስቱ የእኅቷን ልጅ ተውሳ መጣች።

ያኔ የከተማው ትምህርት ቤት አዲስ ተማሪ ይቀበል ነበር። እኔ ፊደል የለየሁት ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆሜ፣ ልጆች ሲቆጥሩ እየሰማሁ ነው፤ ዕድሜዬም እያለፈ ነበር። እናቴን ብጠይቃት፣ «አንቺ ከገባሽ እኔ ከበር እመለሳለሁ» አለችኝ። አልተቆጣችም። እውነቱ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ማኪናው ለመጫን ደጅ ቆሞ ሳለ አያ ጥጋቡ መጣና የጆንያው ዋጋ መቀነሱን ነገረን። «እጅ ጨምሩ» አለ።

«ከየት? አርግዘን እንምጣ?» አለች እትዬ ዘሃራ። የሳቀ አልነበረም።

እኔ በሰፌዴ የነበረውን ሰሊጥ ወደ ጆንያው መለስሁና ባዶውን ሰፌድ ደፋሁት። በእኛ ዘንድ ሰፌድ ተደፍቶ አይቀመጥም፤ ረሃብ ይጠራል ይባላል። እናቴ ቤት ውስጥ እንዲያ ካየችው ሮጣ ታቃናው ነበር። ያን ቀን ግን ሰፌዱን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ የራሷን ከጎኑ ደፋች። እትዬ ዘሃራ ቀጠለች። ወዲያው ደጁ ሁሉ የሰፌድ ጀርባ ሆነ።

«ማነው የጀመረው?» አለ አያ ጥጋቡ።

«ነፋሱ ነው አያ» አለች እትዬ ዘሃራ።

እናቴ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «በቀን ክፈሉን። በሩ ላይ እኛን ቁጠሩ፣ ልጆቻችንን አትቁጠሩ። ያኔ እናቃናዋለን» አለች።

ማኪናው ባዶውን ቆሞ አደረ። በማግስቱም ሄደን ሰፌዳችንን ደፍተን ተቀመጥን። ሾፌሩ ሲነዘንዘው ባለመጋዘኑ ራሱ መጣ፤ ተቆጣ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ እሺ አለ። ደግነት አይደለም፤ ቆሻሻ ሰሊጥ አስመራ ላይ የሚገዛው ስለሌለ ነው። እኔም በዚያው ሰሞን ቁመታቸው ከትከሻዬ ከማይደርስ ልጆች መካከል ተቀምጬ «ሀሁ» አልሁ።

ዛሬ የተማሩ ሰዎች የልጆችን ድህነት ሲያወሩ ስለ ልጆቹ ብቻ ያወራሉ። እኔ ለመታረም ያልፈለገ ሁሉ ቢቀየመኝም አርማቸዋለሁ፤ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የእናትየው ሥራና ክፍያ ነው።

ማን እንደጀመረ እናቴ ለማንም ሳትናገር ሞተች። እኔም ዝም አልሁ፤ ያልሆንሁትን ጀግና እንዳይሉኝ። ባለፈው ኅዳር ግን ከዚያ መጋዘን ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አፍንጫዋን በክንዷ ለጠረገችው ልጅ እናት ሁሉንም ነገርኋት፣ የእጄን መዛል ጭምር። እየለቀመች ሰማችኝ።

«እና ዝሎ ቢሆንስ፣ እማማ?» አለችኝ። «የእኛም ዝሏል።»

ልጅቷን «ተነሽ» አለቻትና የራሷን ሰፌድ ደፋች።