የድምፅ ሙከራ

ሰፈሩ «ጆሮ» ብሎ የሰየመው ገና ሳይደነቁር ነው። ደንበኛ የታመመ ሬዲዮውን እያስጮኸ ከመንገድ ማዶ ሲመጣ፣ እሱ ካጎነበሰበት ቀና ሳይል «ሬዲዮህ ጤነኛ ነው፤ የድምፅ መቆጣጠሪያው አቧራ ጠጥቶ ነው» ይለው ነበር። እውነትም አቧራ ሆኖ ይገኛል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ። ሱቁ ከሬዲዮ ጣቢያው አንቴና ሥር ነበር፤ በስተቀኙ ሚስቱ ልብስ ትሰፋለች፣ በስተግራው ሰዓት ጠጋኝ፣ ፊት ለፊት ሻይ አፍዪ።

አንቴናው የአምባገነኑን ውሸት ይረጭ ነበር፤ ይሄ አይካድም። ጆሮ ራሱ ዜና ሲጀምር ሬዲዮ የሚዘጋ ሰው ነው። ግን ከውሸቱ ሥር ሰው ሱሪ ያሳጥር ነበር። ባሕር ማዶ ያለው መንግሥት «ዴሞክራሲ አመጣሁላችሁ» ብሎ አውሮፕላኑን የላከው ማክሰኞ ጠዋት፣ ገበያው ሲደምቅ ነው። ጆሮ ሽቦ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገብቶ ስለነበር ግድግዳው ነፍሱን አተረፈለት። ጆሮውን ግን አላተረፈለትም። ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

በማግስቱ የጦሩ መግለጫ ወጣ፤ «ዒላማው በትክክል ተመትቷል። በሰላማዊ ሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።»

ጦሩ ከተማውን ይዞ ቢሮ ሲከፍት፣ ጆሮ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማሳረም ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ሌላ የጠየቀው ነገር የለም፤ «የለም» የምትለው ቃል ትውጣ፣ ሰዎቹ ይጻፉ፣ በቃ። በሦስተኛው ጊዜ ቅጽ ሰጡት። ቅጹ የአውሮፕላኑን ድምፅ የሰማ ምስክር ይጠይቃል። ምስክሩ እኔ ነኝ አለ። ጸሐፊው ከሥር እንዲህ ብሎ ሞላ፤ «አመልካቹ መስማት የተሳናቸው በመሆናቸው ምስክርነታቸው ተቀባይነት የለውም።» የሚባለውን ሁሉ በካርቶን ቁራጭ ላይ እየጻፈች የምታሳየው መምህርት ልጁ ይህን ስትጽፍ የእርሳሱ ጫፍ ተሰበረ።

ስምንት ወር አለፈና ምርጫ መጣ። ሕዝቡን በሬዲዮ እንዳይጠሩ አንቴናውን ራሳቸው አጋድመውታል። ስለዚህ የድምፅ ማጉያ ጡሩምባ የተሸከመ መኪና አሰማሩ። እሱም በሦስተኛው ቀን ዲዳ ሆነ። የሚጠግን ሰው ቢያፈላልጉ ሰፈሩ በሙሉ ወደ አንድ በር ጠቆመ።

መኪናው ጆሮ ቤት ደጃፍ ቆመ። ሻምበላቸው ወረደ፣ አስተርጓሚውም ተከተለው። አስተርጓሚው ድሮ የልጅቷ የቋንቋ አስተማሪ ነበር፤ አሁን ስድብን ምርቃት አድርጎ ማስተላለፍ እንጀራው ሆኗል።

ልጅቷ ካርቶኑ ላይ ጻፈች፤ «ሰው ወጥቶ ድምፅ እንዲሰጥ ሊጠሩ ነው።»

«ድምፅ?» ጆሮ ጮኸ፤ የራሱን ድምፅ መመጠን ከተወ ቆይቷል። «ያለኝን ሙልጭ አድርገው ወስደው የለም እንዴ! ስንቴ ነው የምሰጣቸው?»

ልጅቷ ቀስ በል፣ ሰፈር ሰማ፣ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው።

«ይስማ! አለመስማቱን ለእኔ ተዉልኝ።»

ጀርባውን ሰጥቶ ሊገባ ሲል ዓይኑ መኪናው ውስጥ የተንጠለጠለው ማይክሮፎን ላይ አረፈ። ተመለሰ።

«እሠራለሁ። ሙከራውን ግን እኔ ነኝ የማደርገው። ሳይሞከር ከእጄ የወጣ ሥራ የለም በላቸው።»

አስተርጓሚው ነገራቸው። ሻምበሉ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ጆሮ ማጉያውን ፈታ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረገ፣ የተቃጠለውን ፊውዝ ለወጠ። የጡሩምባውን ሽቦ ከየት ላይ እንደላላ በጣቱ ዳብሶ አገኘው። የመጨረሻዋ ብየዳ ላይ ሲደርስ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ክዳኑን ገጠመ። ግራ መዳፉን የጡሩምባው ቆርቆሮ ላይ አሳረፈ፣ በቀኙ ማይክሮፎኑን ያዘ።

«አንድ። ልብስ ሰፊዋ፣ ሚስቴ። የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር።»

ቆርቆሮው ከመዳፉ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሠርቷል።

«ሁለት። ሰዓት ጠጋኙ። መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ነው ያወጣነው። ሦስት። ሻይ አፍዪዋ። አራት። በጀርባዋ ያዘለችው ልጇ።»

መስኮቶች ተከፈቱ። ብስክሌት የሚነዳው ሰውዬ እግሩን መሬት ተክሎ ቆመ። ሻምበሉ ወደ አስተርጓሚው ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀ፣ አስተርጓሚው መለሰ፤ ሻምበሉ እጁን አጣጥፎ መጠበቅ ጀመረ። ጆሮ፣ አሁን ይነጥቁኛል እያለ፣ ሳይነጥቁት አሥራ አንድ ላይ ደረሰ።

«አሥራ አንድ። ሻይ ሊጠጣ ቆም ያለ መንገደኛ። ማን እንደነበር ዛሬም አላወቅንም።»

ማይክሮፎኑን አስቀመጠ። ሻምበሉ ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን አነሳለት።

«ምን ነክቶት ነው?» አለ ጆሮ።

ልጅቷ ጻፈች፤ «ምን እያለ ነው ብሎ ጠየቀ። አስተማሪዬ፣ ቁጥር እየቆጠረ ነው፣ ድምፅ ሲሞከር እንዲህ ነው አለው።»

ጆሮ አስተርጓሚውን አየው። አስተርጓሚው ጎማ ያያል።

መኪናው ድምፃችሁን ስጡ እያለ ሄደ። ወረቀታቸው ላይ ዛሬም ያለችው ያችው ናት፤ «የለም»።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች። እርሳሱን ከልጅቷ እጅ ወስዳ ካርቶኑ ላይ ጻፈች፤ «ወንድሜ፣ አንድ ሰው ዘለልክ። የአንቴናው ጥበቃ። ባሌ ነው።»

ጆሮ ደጋግሞ አነበበው። ሰውዬውን ያውቀዋል፤ በየጠዋቱ እጅ ይነሳሳሉ። ግን የመንግሥት ዩኒፎርም ይለብስ ነበር፣ ጆሮም ከሰው ሳይቆጥረው ቀረ። ልክ እንደነሱ መግለጫ።

«ሐሙስ ይመለሳሉ» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ።

ልጅቷ «ማን ነገረህ?» ብላ ጻፈች።

«የመጨረሻዋን ሽቦ አልበየድኳትም፤ አስጠግቻት ብቻ ነው የተውኳት። በዚህ መንገድ ጉድጓድ ሁለት ቀን አትቆይም።»

በሃያ ስድስት ዓመት ከእጁ የወጣ የመጀመሪያው ብልሹ ሥራ ነው። ካርቶኑን ገልብጦ ዝርዝሩን እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረ። ጥበቃውን አንደኛ ላይ አስገባው።