ስልኩን የጠበቁት አባት

እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬም ሞደም የሚባል ነገር ስሙ ሲጠራ ጨጓራዬን ይልጠዋል። ሆሳዕና ከተማ ያኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ኢሜይል የሚልከው አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። ከጀርባው የሚወጣው ወፍራም የሴሪያል ገመድ ብሎኑ ስለጠፋ በፕላስተር ተለጥፎ ሞደሙ ላይ ተሰክቷል፤ ሞደሙ ደግሞ ከጸሐፊዋ ስልክ ጋር አንድ መስመር ይጋራል። እዚያ ስልኩን ያነሳ ሰው እዚህ ኢንተርኔቱን ቆረጠው ማለት ነው። የሚያነሳ ደግሞ አይጠፋም! መስመሩ በየሳምንቱ ስለሚሞት፣ በዚያ ያለፈ ሁሉ አንስቶ ድምፅ መኖሩን ሳይሰማ አይሄድም። ስንቴ ለመንኩ፣ ስንቴ ጮህኩ፤ ማን ሰምቶኝ።

አንድ አርብ አንድ ገበሬ የልጃቸውን የልብ ምርመራ ውጤት ይዘው ከአንጋጫ መጡ። ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ልጆችን በነፃ ሊያክሙ ነው፤ ወረቀቱ በኢሜይል ቀድሞ የደረሰለት ይገባል፣ ቦታው ሲሞላ ይዘጋል። ልጅቱ ትንሽ መንገድ ከሄደች ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ትምህርቷንም አቁማለች።

«አባቴ፣ ሰው ለምሳ ሲወጣ እንልከዋለን። እርስዎ ጸሐፊዋ ክፍል ስልኩ አጠገብ ይቀመጡልኝ። ማንም እንዳያነሳው!» አልኳቸው።

«እኔ እያለሁ ማን ያነሳዋል፣ ልጄ?» አሉና ገብተው በሩን ዘጉ።

ወረቀቱን ስካን አድርጌ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁት። ሞደሙ ተንጫጫ፣ መስመሩ ገባ። ያ ወረቀት ለመሄድ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ግማሽ ሲደርስ ተቆረጠ። ከሀ ጀመርኩ፤ ተቆረጠ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ፕላስተሩን ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሩን የሠራውንም ያመጣውንም ረገምኩ። ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል ሲቆረጥ ደሜ ፈላና ሮጥኩ። ሽማግሌው ብቻቸውን፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደቅነው ተቀምጠዋል።

«ምን እያደረጉ ነው?!»

«እንዳይሞትብን ብዬ በየመሃሉ አየዋለሁ። አይዞህ፣ አልሞተም፤ ይጮኻል።»

ማንም ስል ራሳቸውን አልቆጠሩም። እኔም «እርስዎም ጭምር» አላልኩም። እጀታውን ተቀብዬ ቦታው መለስኩና «በቃ፣ እጅዎን እንዳያስጠጉት» ብያቸው ሄድኩ። አራተኛው አለፈ።

ሰኞ ጠዋት ተመልሰው መጡ። መልሱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ደርሷል። የመጨረሻው ቦታ አርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተይዟል፤ የእናንተ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ ይላል።

«ምን ይላል፣ ልጄ?»

«ሞልቷል ይላል።»

«መቼ ሞላ?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል።

«ሐሙስ» አልኩ። «ሐሙስ ማታ። እኛ ሳንጀምር።»

«እንግዲያ እግዜር አላለውም» አሉና መርቀውኝ ወጡ።

ልጅቱ ክረምቱን አላለፈችም። አንጋጫ ለቅሶ ልደርስ ስሄድ፣ አባቷ ከድንኳኑ ብድግ ብለው እጄን ያዙና ለዘመዶቻቸው ሁሉ አሳዩኝ። «ያ የደከመልን ልጅ ይኸ ነው» አሉ።