የብስክሌት መንገዱ አንቀጽ አራት

ሰፈራችን ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከተማው አልቆ የስንዴ ማሳ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። የከተማ ማስዋብ ሥራ ወደ እኛም በደረሰ ጊዜ፣ ከቤቶቻችን ጀርባ ጅረቱን ተከትሎ የሚሄድ የብስክሌት መንገድ ተሠራልን። «ተሠራልን» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ነው የምጠቀምበት፤ በወቅቱ ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች መካከል ብስክሌት ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ለወራት መንገዱን በታማኝነት የተገለገሉበት ጥቂት ፈረሰኞችና ስንዴ የምታሰጣ ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ። በዚያ ቀይ ወለል ላይ ስንዴ እጅግ ባማረ ሁኔታ ይደርቃል።

ብስክሌተኞች የእውነት መምጣት ሲጀምሩ ግን ሰፈሩ ደነገጠ። የማናውቃቸው ሰዎች በጓሯችን በኩል እያለፉ፣ ከአጥራችን በላይ ሊያዩን ጀመሩ። ስጋቱ ከንቱ ነበር አልልም። የአንዲት ባልቴት የውሃ ቆጣሪ በጠራራ ፀሐይ ተፈትቶ ተወስዶ ግቢዋ ኩሬ ሆኗል። ከአንድ ቤት ገመድ ላይ ብርድ ልብስ ጠፍቷል፤ ብርድ ልብስ ማጣት ደግሞ በባሌ ብርድ ቀላል ጉዳት አይደለም። በመጨረሻ የሰፈሩ የጸጥታ ኮሚቴ ሊቀመንበር በግ ጠፋ፤ ጉዳዩም ያኔ የጋራ ጉዳይ ሆነ።

ሊቀመንበሩ የመንግሥት ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መልክዓ ምድር የተማርሁ፣ ዕድሜዬን ካርታ በማስተማር የፈጀሁ ጡረተኛ ነኝ። ኮሚቴው ስለ ስርቆቱ ሲሰበሰብ የተጠራሁት በብዕሬ ምክንያት ነበር።

«ሌባው የመጣው በብስክሌት ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«በግ በብስክሌት ይጫናል?» አልኋቸው።

«ከኋላ፣ መጫኛው ላይ።»

«በጉስ ዝም ብሎ ይሄዳል?»

«የኔ በግ ዝምተኛ ነበር፣ መምህር።»

በመንገዱ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት በሮች እንዲቆሙ፣ በያንዳንዳቸውም ጥበቃ እንዲመደብ ተወሰነ። የአሠራሩን ደንብ እንድጽፍ የተመረጥሁት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ ከመሥሪያ ቤት የለመዱትን ሥርዓት አቀረቡ፦ እንግዳ መታወቂያውን በር ላይ ያስይዛል፤ ቁጥር ያለው ባጅ ይቀበላል፤ ሲወጣ ባጁን መልሶ መታወቂያውን ይወስዳል። በየቢሮው በር ላይ ስናደርገው የኖርነው ነገር ስለሆነ ማንም አልተቃወመም። እኔም በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ አንቀጽ ጻፍሁ። በተለይ አንቀጽ አራት ደስ አሰኝቶኝ ነበር፦ «ማንኛውም ባለብስክሌት መታወቂያውን በገባበት በር አስይዞ ባጅ ይቀበላል፤ ሲወጣም ራሱ በግንባር ቀርቦ ባጁን ለሰጠው በር በመመለስ መታወቂያውን ይረከባል።» አንቀጽ አምስት «ባጅ ከመንገዱ ክልል አይወጣም» ይላል። ደንቡን በጉባኤ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለት ጊዜ ተጨበጨበልኝ።

በግቢዬ ሰርቪስ ቤት የተከራየች አንዲት ነርስ አለች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለች ልጅ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከታችኛው በር አልፎ ነው። ቀድሞ በአስፋልቱ ዳር በብስክሌት ትሄድ ነበር፤ በስንዴ አጨዳ ሰሞን ከባድ መኪናዎቹ ሲበዙ አንድ ባጃጅ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣላት። በዚያን ቀን ዘገየች፤ ጉልበቷ እስኪያገግም በእግሯ ስትሄድ አንድ ቀን ደግማ ዘገየች። አለቃዋ ለሦስተኛ ጊዜ ብትዘገይ የቋሚነት ደብዳቤዋን እንደማይፈርሙላት በጽሑፍ አስጠነቀቋት። የሰዓት ፊርማው ወረቀት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል። ከዚያ ወዲህ በብስክሌት መንገዱ ትሄዳለች፤ በመንገዱ መኖር ከእኛ ሰፈር ከልቡ የተደሰተ ሰው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ደንቡ ሥራ ላይ በዋለበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ የጻፍሁት ነገር ሲፈጸም ለማየት ካፖርቴን ደርቤ፣ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ጉም ገና ከጅረቱ አልተነሣም። ላይኛው በር ላይ ነርሷን ቀድሜ አገኘኋት። መታወቂያዋን ሰጥታ ባጅ ቁጥር አንድን ተቀበለች።

«ጋሼ፣ በደንብዎ የመጀመሪያዋ ተገዥ ሆንሁ» አለችኝ እየሳቀች።

«ሥርዓት ከምሳሌ ይጀምራል» አልኋት። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

እሷ በብስክሌቷ ቀድማ ወረደች፤ እኔ በዝግታ ተከተልሁ። ታችኛው በር ስደርስ ሰዓቴ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይላል። ነርሷ ጥበቃውን ስትለምን ቆይታ፣ ብስክሌቷን ይዛ በተዘጋው በር ፊት ቆማለች። ሳቋ ጠፍቷል።

የታችኛው በር ጥበቃ በሃረና ደን ለብዙ ዘመን የደን ጠባቂ የነበረ ሰው ነው። እኔን «ባርሲሳ» ይለኛል፤ በኦሮምኛ መምህር ማለቱ ነው። እንደ ወጉ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ ተራ በተራ ጠየቀኝ። ስመልስለት ነርሷ ሰዓቷን ታያለች።

«ልጅቱን ለምን አቆምሃት?» አልሁት በመጨረሻ።

«መታወቂያዋ የለም።»

«ላይኛው በር ላይ ነው። ባጅ ይዛለች።»

«ባጁ የላይኛው በር ነው። ብቀበል በኔ እጅ የሌላ በር ንብረት ተገኘ ይባላል። ይዛ እንዳትወጣ ደግሞ አንቀጽ አምስት አለ።»

«ታዲያ ምን ታድርግ?»

«ወደ ላይ ተመልሳ መታወቂያዋን ትውሰድ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በላይኛው በር ትውጣ» አለኝ፤ ፊቱ ላይ የፌዝ ምልክት አልነበረም።

ያን ጊዜ የጻፍሁት ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። ቢሮ አንድ በር አለው፤ የገባ ሰው በገባበት ይወጣል። መንገድ ግን ሁለት ጫፍ ያለው ነገር ነው፤ ይህንንም ለአሥራ ሦስት ዓመት ዕድሜ ልጆች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። በአንቀጽ አራት መሠረት በመንገዳችን መግባት ይቻላል፤ መሽከርከር ይቻላል፤ ተመልሶ መውጣትም ይቻላል። የማይቻለው ማለፍ ብቻ ነው።

«ባጁን እኔ ልመልስላት» አልሁት።

«'ራሱ በግንባር ቀርቦ' ይላል። ያነበቡልን እርስዎ ነዎት፣ ባርሲሳ። ሁለት ጊዜ።»

«ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሊሆን ነው» አለች ነርሷ። ወደ ላይ ተመልሳ በአስፋልቱ ብትዞር እንደማትደርስ ሦስታችንም እናውቃለን።

በዚህ መካከል አንድ ፈረሰኛ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ከኋላው የታሰረ ጆንያ ጭኖ ደረሰ። ጥበቃው በሩን ከፈተለት፤ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ፈረሰኛው አለፈ።

«ይሄስ?» አልሁ።

«ፈረስ አልተጻፈም።»

እውነት ነበር። በጆንያው ውስጥ የሊቀመንበሩ በግ ቢኖርም እንኳ በደንቤ የሚከለክለው አንቀጽ አልነበረም።

ጥበቃው በሩን መልሶ ሊዘጋ ሲል እጁ መዝጊያው ላይ ቀረ። ነርሷን አየ፤ ብስክሌቱን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ደንቡ የሚለው 'ባለብስክሌት' ነው አይደል?»

«ማንኛውም ባለብስክሌት።»

«እንግዲያ ብስክሌቱን እኛ ብንይዘው እሷ እግረኛ ናት። እግረኛም አልተጻፈም።»

«እኛስ ባለብስክሌት አንሆንም?»

«የለም። ጎማው መሬት ካልነካ እኛ ዕቃ የተሸከምን ሽማግሌዎች ነን።»

በዕድሜዬ ብዙ የሕግ ትርጓሜ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም። ከዘራዬን አጥሩ ላይ አስደግፌ የፊት ጎማውን ያዝሁ፤ እሱ የኋላውን። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ራሱ በጻፈው ደንብ በታጠረ በር ብስክሌት ተሸክሞ በጎን በጎኑ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ስንዴ የምታሰጣው ጎረቤታችን ቆማ አየች። እስከ ዛሬ ስታገኘኝ ጤናዬን ከመጠየቋ በፊት ወገቤን ትጠይቀኛለች። ነርሷ ባጁን ከዘራዬ ላይ አንጠልጥላልኝ በእግሯ ወጣች፤ ከበሩ ውጭ ብስክሌቱን ተቀበለችን። «ገለቶማ» አለችው ጥበቃውን በኦሮምኛ አመስግና። እኔን ለማመስገን ጊዜ አልነበራትም፤ ደግሞም አይገባኝም ነበር።

ባጁን ይዤ ላይኛው በር ስደርስ ጥበቃው አልቀበልም አለኝ፤ በግንባር ቀራቢው እኔ አይደለሁማ። ስለዚህ ባጅ ቁጥር አንድ ቀኑን ሙሉ በካፖርቴ ኪስ ውስጥ ዋለ። እኔም ጋዜጣ ዘርግቼ አንድም መስመር ሳላነብ ዋልሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ነርሷ በአስፋልቱ ዞራ ብስክሌቷን እየገፋች ወደ ግቢው ገባች።

«ፈረምሽ?» አልኋት።

«እስክሪብቶውን ሳስቀምጥ ወረቀቱን አነሡት» አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ነገስ ማን ይሸከምልኛል?»

በማግስቱ እንደማልሸከምላት አውቄዋለሁ፤ ወገቤ ከወዲሁ ተይዟል። በዚያኑ ምሽት ሊቀመንበሩ ቤት ሄጄ አስቸኳይ ስብሰባ ጠየቅሁ። ኮሚቴው እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ ተሰበሰበ፤ ታችኛውን በር የሚጠብቀውም ሰው ተጠራ። ችግሩን ካስረዳሁ በኋላ መፍትሔዎች ቀረቡ። አንዱ አባል፣ በመንገዱ ወደ ታች ብቻ ይነዳ፤ የሚመለስ በሌላ ይመለስ አለ። ሌላው፣ አንድ ሠራተኛ ተቀጥሮ መታወቂያዎቹን ከበር ወደ በር ያመላልስ አለ።

«በምን ያመላልሳል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በብስክሌት ነዋ።»

«የራሱን መታወቂያ የት ያስይዛል?»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንቀጽ አራት ከወጣ በሩ ምን ይሠራል?»

«ቀን ይከፈታል፤ ማታ ይዘጋል።»

«ቀን የሚገባውን በምን እናውቀዋለን?»

በዚህ ጊዜ የታችኛው በር ጥበቃ ከጥግ ሆኖ እጁን አወጣ። «በሃረና ደን ውስጥ መታወቂያ አልነበረም» አለ። «ቡና ለቃሚው፣ ማር ቆራጩ፣ እንጨት ሰራቂው ሁሉ በዚያው መንገድ ያልፋል። እኔ ሰላምታ እሰጣለሁ። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከብቱ እንዴት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሥራ ያለው ሰው ይመልስልኛል። ሌባ ግን ስለ ከብት ሲጠየቅ ይቸኩላል። እሱን እከተለዋለሁ።»

«በጌ በጠፋ ዕለትም ቢጠይቁት ኖሮ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ማንን እንደሆነ ሳይገልጹ።

የራሴን ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝሁት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ምሽት ነው። ስሕተቱ የደንብ አርቃቂው መሆኑ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ጠየቅሁ፤ ያለ ተቃውሞ ተፈቀደልኝ፤ እንዲያውም ከጠበቅሁት በላይ በፍጥነት። አዲሱ አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፦ «ጥበቃው ለሚያልፍ ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል፤ የሚያልፈውም ይመልሳል።» ፈረሰኛም እግረኛም ተካቷል። መታወቂያ የሚል ቃል የለበትም፤ የነርሷም መታወቂያ በማግስቱ ጠዋት ተመለሰላት።

የሰፈሩ የውሃ ቆጣሪዎች እስካሁን በቦታቸው ናቸው። በጉ አልተገኘም። ነርሷ የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ የቋሚነት ደብዳቤዋን ተቀብላለች፤ አምጥታ አሳይታኛለች፤ ከተለመደው በላይ የሰዋስው ስሕተት ነበረበት፤ ግን ቀይ እስክሪብቶዬን አላወጣሁም። እዚያው ቆማ ሳለች፣ በአንቀጽ አራት ላይ አንድ ማሻሻያ እንዳቀርብላት ጠየቀችኝ፦ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ስለ ከብትና ስለ ገብስ አይጠየቅ። የባሌ ሰላምታ በደንብ የሚወሰን ነገር አይደለም ብዬ መለስሁላት። ስለዚህ አሁን በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ ቀድማ ትወጣለች። ፔዳሉ ሲንቋቋ ስሰማ ሰዓቴን አስተካክላለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ከታችኛው በር አቅጣጫ የጥበቃው ድምፅ በጉሙ ውስጥ ይሰማል፤ ጎጃም ያሉ የእናቷ ላሞች እንዴት እንዳደሩ እየጠየቃት ነው።