የጋሽ መጨረሻው ውሃ ጥም

አጎቴ ፊልም የሚያየው መጨረሻውን ካወቀ በኋላ ብቻ ነው። ሳያውቅ ማየት ለእሱ ዓይኑን ታስሮ ደረጃ እንደ መውረድ ነው። የግቢው ልጆች «ጋሽ መጨረሻው» ይሉታል፤ ሰምቶም አይቆጣም።

ልማዱ በፊልም ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። ኳስ የሚያየው በድጋሚ ሲተላለፍ ነው፤ ያውም ቡድኑ ማሸነፉን ከጎረቤት አጣርቶ። ጎሉ ሳይገባ እሱ አጨብጭቦ ይጨርሳል። የወንጀል ልብ ወለድ ሲገዛ ከኋላ ገልጦ ገዳዩን ይለይና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ሰውዬው ገና «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ሲገባ «ወይ አንተ ጉደኛ» እያለ በደስታ ያነባል። ከዘፈን የቆየውን ብቻ ይወዳል። አዲስ ሲከፈት «ይሄ ደግሞ ወዴት ሊወስደን ነው» ብሎ ፊቱን ያጠቁራል። ቴሌቪዥን ላይ አስማተኛ ከቀረበማ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶት ለምን እንዳላገባ ለሚጠይቅ ሰው እናቴ መልስ አላት፤ የትዳርን መጨረሻ የሚነግረው ስላጣ ነው ትላለች።

ስንስቅበት የሚመልሰው አንድ ነገር ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፣ ለውዙን እየፈለፈለ።

እናቴ በአምስት ዓመት ታላቁ ናት፤ በዚህ ነገር ግን አንድ ማህፀን ያፈራቸው አይመስሉም። እሷ የፊልም መጨረሻ ሊነገራት ከሆነ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ማንጎራጎር ትጀምራለች። ነገር በጊዜው ይምጣ ባይ ናት። አባቴ ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር የያዘ ጊዜ አጎቴ አንድ ሻንጣና አንድ ቴሌቪዥን ይዞ ሁለት ክፍል ቤታችን ገባ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ሃያ አራት ሆኖኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሲል ሦስታችን ሶፋው ላይ ነን፤ እናቴ መሐል፣ እሱ በኩሽናው በር በኩል።

ባለፉት ሦስት ዓመታት የያዘን አንድ የውጭ ተከታታይ ድራማ ነበር። ዳቦ ቤት ያላቸው አንድ ሽማግሌና የማይስማሙ ሦስት ልጆቻቸው ናቸው። በተሠራበት አገር ታይቶ ስላለቀ የየክፍሉ ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ተጽፏል። እኔ የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ደንበኛ ሲጠፋ አነባለሁ። ማታ ስገባ አጎቴ በር ላይ ይጠብቀኝና ጫማዬን ሳወልቅ አብሮኝ ጎንበስ ብሎ «ሽማግሌው ይተርፋሉ?» ይላል በሹክሹክታ። ይተርፋሉ ካልኩት እግሩን ዘርግቶ ለውዙን ይዞ ይቀመጣል። ክፉ ነገር ካለ ደግሞ ቦታው ሊደርስ ሲል ውሃ ይጠማዋል። ተነስቶ ኩሽና ይገባና ለቅሶው እስኪያልፍ ብርጭቆውን ይዞ እዚያው ይቆማል። ስለ ስለላችን እናቴ የምታውቅ አይመስለንም ነበር።

የአጎቴ እንጀራ ራጅ ማንሳት ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቷል። «ደረትዎን ሰሌዳው ላይ፣ እጅዎን ወገብዎ ላይ፣ ትከሻዎን ወደ ፊት። ትንፋሽ ይያዙ። ይተንፍሱ።» ምስሉን ከማንም በፊት የሚያየው እሱ ነው፤ የመናገር ሥልጣን ግን የሐኪሙ ነው። መጨረሻ የሚወድ ሰው እንዴት የሆድን በሆድ ይዞ እንደሚውል አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። አዝንላቸዋለሁ፣ ግን ማታ ከጎናቸው አልቀመጥም አለኝ።

እናቴ ሁለት ወር ሙሉ ሳለች። ብርድ ነው አለች፤ የመንገዱ አቧራ ነው አለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም ሲል ግን ጨቅጭቄ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጅና የአክታ ምርመራ አዘዘላትና ውጤቱን ሐሙስ አይቼ እነግርሻለሁ አላት። ማክሰኞ ዕለት፣ ካነሣኝ ወንድሜ ያንሣኝ ብላ ተራዋን ጠብቃ ገባች። ሰሌዳው ፊት እንደ ቆመች ዘወር ብላ «አትንገረኝ። ሐሙስ ሐኪሙ ይነግረኛል፤ እስከዚያ ድራማዬን ልይበት» አለችው። እሺ እታለም፣ ትንፋሽ ያዢ አላት። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፣ እየሳቀች።

ማታ እየሮጥኩ ገባሁ። በር ላይ አልጠበቀኝም። ኩሽና ውስጥ ንጹሕ ብርጭቆ ሲያጥብ አገኘሁት።

«ንገረኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስንቱን መጨረሻ ነገርኩህ። አንዱን ንገረኝ።»

ዞር ብሎም አላየኝም። «ይሄ ያንቺ አይደለም» አለኝ። «የእኔም አይደለም። የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ አትንገረኝ ብላለች።»

ውለታ ቢስ አልኩት። እንዲያውም ከዚያም የባሰ ተናግሬዋለሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ብርጭቆውን ማጠቡን ቀጠለ።

የዚያን ዕለት ክፍል ሰርግ ነበር። ሰኞውኑ ነግሬው ነበር፤ የሚሞት የለም፣ የሚጣላም የለም፣ ትልቁ ልጅ ሙሽራ ነው። እግሩን ዘርግቶ ለውዝ የሚፈለፍልበት ቀን ነው። ግን የመጀመሪያው ማስታወቂያ ሳይደርስ ተነስቶ ውሃ ሊቀዳ ሄደ። ተመልሶ ሳይሞቀው እንደገና ሄደ። በሦስተኛው ሊነሣ ሲል እናቴ ሪሞቱን አንስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። እኛ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ እንኳ ድራማ በመሐል ጠፍቶ አያውቅም።

«ተቀመጥ» አለችው። «ዛሬ ሰርግ ነው። ሰርግ ላይ ውሃ አይጠማህም።»

ብርጭቆውን እንደ ያዘ ቆሞ ቀረ።

«አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥኑን ብቻ ሳይ የኖርኩ ይመስልሃል? ሰው ሊሞት ሲል ውሃ ይጠማሃል። አንተ ስትነሣ እኔ ሆዴን አዘጋጃለሁ። ይሄው ነው።»

ነገር በዓይን ይገባል የሚባለው እውነት ነው። ሁለታችንን ሰላዮች ስትሰልለን ኖራለች። አጎቴ ስለ ሐሙስ፣ ስለ ሐኪሙ አንድ ነገር ሊል ጀመረ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«እናታችን ሦስት ሳምንት ሲቀራት ለእኔ ነገሩኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ለትንሹ እንዳትነግሪ አሉኝ፣ አልነገርኩህም። ከትምህርት ቤት ደብተርህን ይዘህ ገብተህ ግቢው በሰው ሞልቶ ስታገኘው ፊትህን አይቼዋለሁ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።» ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «አትንገረኝ ያልኩህን ተወው። አንተ ንገረኝ።»

ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እሱ ዳግመኛ የመጨረሻው ሰሚ መሆን አልፈለገም፤ እሷም ሦስት ሳምንት ብቻዋን የተሸከመችውን ዓይነት ነገር ዳግመኛ መሸከም አልፈለገችም። እኔ ደግሞ ይህን የአመል ጉዳይ አድርጌ ስቀልድ ኖርኩ። አፈርኩ።

አጎቴ ተቀመጠ። በሥራ ድምፁ ነው የነገራት። ቀኝ ሳንባዋ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ እንቁላል የሚያህል ነጭ ነገር አይቷል። በመድኃኒት የሚለቅ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ለይቶ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው አላት።

«መጨረሻውን አላየሁትም እታለም። እውነቴን ነው።»

«አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

«እንግዲያው ዛሬ አንተም እንደኛው ነህ» አለችና ቴሌቪዥኑን መልሳ ከፈተችው። ሙሽሮቹ ሄደዋል፤ ሰዎች ወንበር ያነሣሉ። ሦስታችንም ወንበር ሲነሣ አየን።

ሐሙስ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ ራጁን አየ፣ የአክታዋን ውጤት አየ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ፤ ሳታቋርጥ ስድስት ወር መድኃኒት ከዋጠች ትድናለች። እናቴ አመስግና ቦርሳዋን አነሣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ያለቀሰው አጎቴ ነው፤ በሥራ ባልደረቦቹ ፊት፣ ድምፁን አውጥቶ። እኔንም እሱንም መረመሩን፣ ነፃ ሆንን። ስድስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ክኒኑን በመዳፉ ይዞላት ይመጣል፤ እስክትውጥ ቆሞ ያያታል፣ «ትንፋሽ ያዢ» ይላታል፣ ትስቃለች። ሳሉ ሄደ፣ ቀሚሷም ትከሻዋ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

የድራማው ማብቂያ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከመጨረሻው ክፍል በፊት ባለው ቀን አጎቴ በር ላይ ጠብቆኝ ጫማዬን ሳወልቅ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለና «እንዳትነግሪኝ» አለ። እንደ ሰው ላየው ነው አለኝ። ደስ አለኝ፤ ጉንጩን ስሜው ገባሁ።

በማግስቱ ማታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ለውዙን በጭብጡ ጨብጦታል፣ አይበላውም። ሽማግሌው ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሦስቱም ልጆች ታርቀው አልጋውን ከበዋል። አጎቴ ትንፋሹን ያዘ። ልክ በዚህ ጊዜ እናቴ ከመሐላችን ተነሣች።

«ውሃ ጠማኝ» አለችና ወደ ኩሽና ሄደች።

አጎቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ። ምን ልበለው? ጠዋት ጫማዬን ሳስር እናቴ ጎንበስ ብላ «ሽማግሌው ይተርፋሉ?» ብላኝ ነበር። አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ብላት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችኝ፣ በእሱ ድምፅ።

ለውዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ተከትሏት ገባ። ሁለቱም ኩሽና ውስጥ ቆመው ውሃ ሲጠጡ ሽማግሌውን ብቻዬን ቀበርኳቸው።