ታንቴ ላን የሚጠብቁት ሾርባ

በቅርቡ ለሥራ ዘሄግ ሄጄ ትራም ስጠብቅ፣ በሩ ገርበብ ካለ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት የተቃጠለ ዝንጅብልና የቀረፋ ሽታ መጣ። ትራሙ ደርሶ ሄደ፤ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሐሳቤ ኒው ዌስት የሚባለው ሰፈር፣ ያደግኩበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ገብቶ ነበር።

እዚያ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ታንቴ ላን የሚባሉ ቬትናማዊት ነበሩ። ታንቴ በደች አክስት ማለት ነው፤ የሕንፃው ልጆች ሁሉ እንዲያ ነበር የምንጠራቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ክረምት ከበጋ ሐምራዊ ሹራብ የማይለያቸው ሴት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ከነልጣጩ እሳት ላይ ጥለው እስኪጠቁር ያገላብጡታል። ከዚያ ከበሬ አጥንት፣ ከቅርንፉድ፣ ከቀረፋና ኮከብ ከሚመስል ቅመም ጋር እስከ ማታ ያንተከትኩታል። ሾርባውን ፎ ይሉታል። መስኮቱ በእንፋሎት ይጋረዳል፤ የውጩ ዝናብና የትራሙ ደወል ከሌላ ዓለም የሚመጡ ይመስሉኝ ነበር። እኔ ሳህኑ ላይ ተደፍቼ ቀጫጭኑን የሩዝ ፓስታ ስስብ፣ እሳቸው አንዴ ይቀምሱና ማንኪያቸውን ያስቀምጣሉ።

«አልመጣም» ይላሉ።

እንግዳ የሚጠብቁ መስሎኝ በሩን አይ ነበር። የሚጠብቁት የሀገራቸውን ጣዕም እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ባላቸው በሞቱበት ዓመት ምድጃቸው ጠፋ። ቅዳሜ ያለ ሽታ መዋል ጀመረ። እናቴ ሽሮ ሠርታ ትወስድላቸዋለች፤ አመስግነው ይቀበላሉ፣ ግን አይበሉትም። ሐምራዊው ሹራብ ላያቸው ላይ ሰፋ። እናቴ አረጋውያን በመንከባከብ ሥራ ላይ ስለነበረች እንዲህ ያለው ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ታውቃለች፤ ትፈራላቸው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳችን ላይ እናቴ ያበቀለችውን በሶብላ ትቆርጣለች። ዘሩን እህቷ ናት ከሀገር ቤት የላከችላት። በራችን ተንኳኳ። ታንቴ ላን ነበሩ፤ እንደ ወትሮው ሰላም እንኳ አላሉም።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

እናቴ አንድ ዘለላ ሰጠቻቸው። በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫቸው ላይ ያዙት፤ ብዙ ቆዩ።

«የእናቴ ጓሮ» አሉ።

እናቴ ወደ በረንዳው ተመልሳ የቀረውን በሙሉ ቆረጠችው።

«እማዬ፣ ለበርበሬው አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«ዝም በይ። በርበሬው ያለሱም ይሆናል፤ እሳቸው ይብሉ።»

በማግስቱ ሦስታችንም እሳቸው ቤት ተቀመጥን። ታንቴ ላን ቅጠሉን ከነአበባው ሾርባው ላይ በተኑት። አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ሌላ፤ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳህኑን ጨረሱት። እናቴም አቀርቅራ በላች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ሲደክሙ ልጃቸው ሮተርዳም ወሰደቻቸው፣ እዚያው አረፉ። እኔ ዛሬ ከሮተርዳም አጠገብ፣ ቭላርዲንገን ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ፤ ቅዳሜ ቤታችን ምን እንደሚበስል መንገር አያስፈልግም።

በቀደም የትንሿ ልጄ አስተማሪ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቆመችኝ። ልጆቹ የወላጆቻቸውን ሀገር ምግብ እንዲስሉ ታዘው፣ የእኔዋ አንድ ትልቅ ሳህን ፎ ስላ «የኢትዮጵያ ምግብ» ብላ ጽፋበታለች።

«ተሳስታ ይሆን?» አለችኝ አስተማሪዋ በትሕትና።

ላስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ተውኩት።

«አልተሳሳተችም» አልኳት።