እንዶድና ኩርፊያ

የእንስሳት ጤና የምትማረው ልጄ የእንዶድ ዱቄት በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ጨምራ ስትንጠው፣ አረፋው እስከ ጠርሙሱ አንገት ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ብናኙ አፍንጫዬ ሲገባ አነጠስኩ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ያነጠስኩት ያደግሁበት ሞላሌ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «ይማርህ አባዬ!» አለች እየሳቀች። እኔ ግን መሳቁን ተውኩት። ያ የሚከነክን ሽታ ቀዩን በሬያችንን ከሞተበት አስነሥቶ ፊቴ አቆመው።

ያን በሬ ስነግራችሁ አጋነነ እንዳትሉኝ እንጂ፣ ሲያገሳ ከማዶ ያለው ጋራ ይመልስለት ነበር። አባቴም «ጎረቤት እንኳ እንዲህ ፈጥኖ አይመልስልኝም» ይል ነበር። ከጓደኛው ጋር ተጠምዶ የገብሳችን ጌታ እሱ ነው። አንዱ ከጎደለ ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ መቀናጀት፣ ተራ መጠበቅ ይመጣል፤ የበልግ ዝናብ ደግሞ የማንንም ተራ አይጠብቅም።

በዚያ ሰሞን አባቴና እናቴ ተኳርፈው ነበር። ጥፋቱ የአባቴ ምላስ ነው፤ እኔም የወረስኩት ንብረት እሱኑ ነው። የማኅበሩ ተራ እኛ ቤት ደርሶ ሰው ሁሉ እንደተሰበሰበ፣ ዋንጫውን ቀመስ አድርጎ «ይሄ ጠላ ሁለቴ ነው የተጠመቀው፤ አንዴ በእንስራ፣ አንዴ በዮርዳኖስ» አለ። ቄሱ ሳይቀሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ወዲያ ለእሱ የሚሆን ቃል ከአፏ አልወጣም፤ እሱም «ቀልድ የማያውቅ ቤት» ብሎ አኮረፈ።

መከራው የወደቀው እኔ ላይ ነው።

«ያን ሰውዬ ራት ቀርቧል በለው።»

«አልራበኝም በላት።»

«ታዲያ ምን አድርጊ ብሎ መሶቡ ላይ ያፈጣል በለው።»

እጅ ለእጅ በሚደራረሱበት ቦታ ተቀምጠው፣ እኔ እንደ ፖስታ ቤት ቃል አነሣለሁ፣ ቃል አደርሳለሁ።

ይኼኔ በሬውን አልቅት ያዘው። ምንጩ ስለደረቀ ከኩሬ ሲጠጣ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆበት፣ ደም የተቀላቀለ ለሐጭ ይንጠባጠብ ጀመር። በአገራችን መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ እንዶድ ወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦ፣ ጥቂት በጠርሙስ መጋት። አልቅቱ ይለቃል። ግን ጥቂት ነው፤ ሲበዛ የሚያስለቅቀው አልቅቱን ብቻ አይደለም።

ያን ቀን እኔ ጨው ልገዛ ሞላሌ ገበያ ሄጄ ነበር። አባቴ በጠዋት እንዶዱን ግቶት ለቀብር ወደ ማዶ ተሻገረ። ለማን ነግሮ ይሂድ? ፖስታ ቤቱ ዝግ ነው። እናቴ ረፋዱ ላይ ደሙ አሁንም ሲንጠባጠብ አየች። «ያ ሰውዬ በእኔ አኩርፎ በሬውንም ረሳው» ብላ፣ ወቅጣ በጥብጣ እሷም ጋተችው። ስላዘነችለት ደግሞ እጇን ዘርጋ አድርጋ ከልኩ አብዝታለት ነበር።

ስመለስ ፀሐይዋ አዘንብላለች። በሬው በጎኑ ወድቆ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ አረፋ ይደፍቃል። ሽንቱ ቀልቷል። ሽማግሌው ጎረቤታችን «ተልባ አጠጡት! ወተት አምጡ!» ይላሉ። የሰጠነው ሁሉ በአፉ ጥግ ተመልሶ ፈሰሰ። አባቴም ከቀብር እንደመጣ ደርሶ ቆመ።

«እናትህን፣ እንዶድ ሰጥታዋለች ወይ በላት» አለኝ።

ዞር ስል እናቴ አመድ መስላለች። «ሰጥቼዋለሁ በለው።»

ቃሉን ላደርስ አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ። እጁን በራሱ ላይ ጭኖ፣ እሷን እያየ፣ «አንቺ! እኔም ጠዋት ሰጥቼዋለሁ እኮ!» አለ።

ከማኅበሩ ቀን ወዲህ በቀጥታ የተናገራት የመጀመሪያው ቃል ይኼ ነበር። በሬው አንገቱን አንድ ጊዜ ወደ ጓደኛው ቀና አደረገና መልሶ አስተኛው።

ሽማግሌው «እግዜር ይተካላችሁ» አሉ። አባቴ ቆዳውን ለመግፈፍ እንኳ እጁ እምቢ አለው። «የኔው ነው የገደለው፤ እኔ ነኝ ያበዛሁት» ትላለች እናቴ። «ዝም በይ፣ የኔ ነው» ይላታል። ሰው ጥፋቱን ሲሸሽ ብዙ አይቻለሁ፤ ሲሻማበት ያየሁት ግን ያኔ ብቻ ነው። ሽሚያውም እስከ እርጅናቸው አላለቀም።

አሁን ይህን ሁሉ ለልጄ ነግሬ ጠየቅኳት፤ ከሁለቱ የትኛው ነው የገደለው?

«እንዶዱ ውስጥ ያለው መርዝ ሳፖኒን ይባላል አባዬ» አለች። «ከልብስ ላይ ቅባት የሚያስለቅቀው እሱ ነው። የደም ሕዋስም ሽፋኑ ከቅባት ስለሆነ ይበሳውና ሕዋሱ ይፈርጣል። ጤነኛ አንጀት ብዙውን አያሳልፍም፤ አልቅት ያቆሰለው ጉሮሮ ግን ክፍት በር ነው። የጠዋቱ ብቻውን ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ተደምረውም ሊሆን ይችላል። ማወቅ አይቻልም።»

ማወቅ አይቻልም! በዕድሜዬ አንድ ደግ መልእክት እጄ ገባ፤ የማደርስላቸው ግን የሉም።

የዚያን ዓመት የማረስ ተራችን የደረሰው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ገብሱም ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። በቤታችን ከዚያ ወዲያ ኩርፊያ ጠፋ፤ የአባቴም ቀልድ አብሮ ጠፋ። በምትኩ አንድ ልማድ አበጁ፤ የሠሩትን ሁሉ ይነጋገራሉ። «ወጡ ላይ ጨው ጨምሬአለሁ።» «ጥጃዋን አስሬአለሁ።» «በሩን ዘግቼዋለሁ።» አንዱ የሠራውን ሌላው እንዳይደግመው ነው። እኔ በልቤ፣ ሬዲዮ ገዛን እል ነበር።

አባቴ ካረፈ በኋላ፣ እናቴም ሳትከተለው፣ ልጠይቃት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ የጫማዬን ጭቃ ሳራግፍ ድምፅዋን ሰማሁና እንግዳ ያለባት መሰለኝ። ገባ ስል ብቻዋን ናት። ወደ ባዶው መደብ ዞራ፣ «ለበጎቹ ውሃ ሰጥቻቸዋለሁ፤ አንተ እንዳትነሣ» ትለዋለች።