የተቆነጠጡትና ያልተቆነጠጡት ጥይቶች

መጻፍ አይሆንልኝም። ቬልዳ «ስለ ባሌ የሆነ ነገር ጻፍልኝ» ብላ ባትለምነኝ ኖሮ አልሞክረውም ነበር። ባሏ ኦርሊን የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። እዚሁ ሞንታና የስንዴ ጎተራ ሲጠብቅ ኖሮ ባለፈው ክረምት ሞተ።

ኦርሊን ጥይት ከሱቅ አይገዛም። ባዶ ቀለሃ ለቅሞ ራሱ ባሩድ ይሞላበታል፣ አረር ይሰካበታል። እኛ ሌሎቹ አዳኞች ደግሞ አረሩ እንዳይላላ የቀለሃውን አፍ ቆንጠጥ እናደርገዋለን። እሱ አያደርግም። «መቆንጠጥ ኢላማ ያስታል» ብሎ ከከተማው ሁሉ ጋር ሲጨቃጨቅ ኖረ።

ሕግም ነበረው። አደን ሊከፈት ሲል የቡና ቆርቆሮ ክዳን ከሜዳው ማዶ ይሰቅላል። ሦስት ጥይት ክዳኑ ላይ ያላሳረፈ ሰው ተራራ አይወጣም። አጋዘን አቁስሎ መልቀቅ ነውር ነው ይላል። የገዛ አባቱን እንኳ በዚህ ሕግ ከቤት አስቀርቶታል። ሽማግሌው እንዳኮረፈው ሞተ።

አንድ ዓመት ኦርሊን ራሱ ክዳኑን መሳት ጀመረ።

«ቆንጥጠው ስንልህ!» ብለን ሳቅንበት።

ቬልዳ ድስቷን እያማሰለች፣ «ሾርባውንም ይቆንጥጠው እንጂ! ማንኪያው ላይ አልቆይ ብሎታል» አለች። ማናችንንም አላየችም።

«ሾርባሽ ቀጥኖ ነው!» አላት።

ግን ቆነጠጠ። ቅዳሜ ዕለት ሁለቱንም ዓይነት ይዞ መጣና ጠብመንጃውን ሰጠኝ። «አንተ ተኩስልኝ። ጥፋቱ የጥይቱ ከሆነ ይታያል» አለ። ጥፋቱ የጥይቱ ካልሆነ የማን እንደሆነ ሁለታችንም አልተናገርንም።

የተቆነጠጡትን ተኮስኩ። ሦስቱም ክዳኑ መሀል ገቡ። ያልተቆነጠጡት ቢስቱ ሰውዬው ዳነ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ስተኩስ ትከሻዬን ትንሽ ነቀነቅኩት። ሳተ።

ኦርሊን ዓይኑን ከሩቅ ማሳያ መነጽሩ ሳያነሳ፣ «ምን ሆንክ?» አለኝ።

«እጄ ነው… ተንቀጠቀጠብኝ።»

«የእኔን እጅ አትዋስ። በደንብ ተኩስ።»

በደንብ ተኮስኩ። እነዚያም መሀል ገቡ።

ሄዶ ክዳኑን ነቅሎ አመጣው። ቀዳዳዎቹን ሲዳስስ ጣቱ ቆርቆሮውን ያንኳኳው ነበር።

«ለካ ልዩነት የለውም» አለ።

«ዘንድሮን ብቻ ውጣ፤ ቀረብ ብለህ ትተኩሳለህ። ማንም አይናገርም» አልኩት።

«አባቴን ማን እንዲህ አለው?»

አደን ሲከፈት የአደን ማረፊያችን ድረስ ወጣ፤ እንቁላል ሊጠብስልን። ጠብመንጃውና ሁለቱም ዓይነት ጥይት ከእኔ ጋር ነበሩ። ከሰዓት በኋላ አጋዘን ጥዬ እጄ ደም በደም ሆኖ ስመለስ እሳቱ ዳር ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት።

«በየትኛው ነው?» አለኝ።

«ባልተቆነጠጠው» አልኩት። የትኛው እንደሆነ ሳላይ ነበር ያጎረስኩት።

«እኔ ምን አልኩህ!» ብሎ ጉልበቱን መታ። ከዚያ ቡና ሊቀዳልኝ ተነሳ። ማንቆርቆሪያው ወዲያ ወዲህ ሲል እኔም ኩባያዬን አስከተልኩለት።